«አላወቅንም ነበር» ማለት ይበቃልን?

ሰው ለሚሠራው ሥራ ሁሉ ኀላፊነት አለበት ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አውቆ የሰረቀ፥ አውቆ የዋሸ፥ አውቆ የበደለ ሰው ተጠያቂ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሳያውቅ ያጠፋ ሰውስ? ክፉ ሳያስብ፥ እንዲያውም መልካም ሠራሁ ብሎ ጉዳት ያደረሰ ሰው ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አከራክሮናል። ክርክሩን ያመጣብን ደግሞ አንድ ታላቅ ጉዳይ ሳይሆን እንቁራሪት ነው። አንባቢ ቢስቅ አንፈርድበትም፤ እኛም በመጀመሪያ ስቀን ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን ግርጌ የክረምት ውኃ የሚተኛበት አንድ ረግረግ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በሚያዝያ ወር ለሰፈራችን አንድ በጎ ሥራ እንሥራ ብለን ተማከርንና ረግረጉን ለመድፈን ወሰንን። ምክንያታችን ግልጽ ነበር፤ ውኃው ይሸታል፥ ቆሻሻ ይጣልበታል፥ ትንኝ ይራባበታል። አካፋና ዶማ ከየቤቱ ለመንን፤ ድንጋይና ገረጋንቲ በጋሪና በባሬላ አጋዝን፤ በአራት ቅዳሜ ሥራው አለቀ። ሽማግሌዎች መረቁን፤ እናቶች ንፍሮ ቀቅለው፥ ቡና አፍልተው አቀረቡልን። እውነቱን ለመናገር ኮርተን ነበር።

ክረምቱ ገባ። ከመካከላችን በዩኒቨርሲቲ የምንማረው ለዕረፍት ወደየቤታችን ተመለስን። አንድ ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠን ሳለን፥ እማማ በድንገት፥ «ልጆቼ፥ ዘንድሮ እንቁራሪቶቹ ወዴት ሄዱ?» አሉን። ሁላችንም ጸጥ ብለን አዳመጥን። ከልጅነታችን ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጫ የኖረው ድምፅ የለም። እማማ ቀጠሉና፥ «እንቅልፍ ነሱኝ እያልሁ ስረግማቸው ነበር፤ ለካ ክረምቱ መግባቱን የማውቀው በእነርሱ ኖሯል» አሉ። ከእኛ አንዱ፥ «እማማ፥ ረግረጉን ስንደፍን እኮ አላወቅንም ነበር» አለ። እርሳቸውም፥ «ይሁን ልጄ» ብለው ወደ ጀበናቸው ተመለሱ።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ነገሩ በመካከላችን ክርክር ሆነ። ግማሾቻችን፥ «ሰው የሚመዘነው በሐሳቡ ነው። ሐኪም ሊያድን ብሎ የሰጠው መድኃኒት በሽተኛውን ቢጎዳው ሐኪሙ ነፍሰ ገዳይ አይባልም። እኛም ሰውን ከትንኝ ልናድን እንጂ እንቁራሪት ልንፈጅ አልወጣንም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ፥ «እሳት ለኩሶ የተወ እረኛ ደኑ እንዲቃጠል ባያስብም ደኑ ግን ተቃጥሏል። የተቃጠለው ዛፍ በእረኛው ቅን ልብ ተመልሶ አይለመልምም» አልን። ሁለቱም ወገን እውነት ያለው መሰለን። በዚህ ምክንያት ከእኛ መካከል የሥነ ሕይወት ትምህርት የምንከታተለው ስለ እንቁራሪቶች የተጠናውን ፈልገን ለሌሎቹ እንድናቀርብ ተወሰነ። ያገኘነው ታሪክ ከእኛ ረግረግ እጅግ የሰፋ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው የእኛው ጥያቄ ሆኖ አገኘነው።

በቅድሚያ ስለ ፍጥረቷ ጥቂት እንበል። እኛ እንቁራሪትን የምናውቃት በተረትና በንቀት ነው። ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች እንላለን፤ በኦሪት ዘጸአት ታሪክም ጓጉንቸር የመቅሠፍት ስም ነው። ይሁን እንጂ እንቁራሪት አስተኔ የሚባሉት እንስሳት እስካሁን የታወቁት ዓይነቶቻቸው ብቻ ከ8,000 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ በልጅነታቸው በውኃ ውስጥ ጅራት አብቅለው እንደ ዓሣ ይኖራሉ፤ ሲያድጉ እግር አውጥተው ወደ የብስ ይወጣሉ። እንቁራሪት ውኃን በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጠዋለች። አየርም የምትስበው በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ጭምር ነው። ስለዚህ ውኃው ሲመረዝ ወይም አካባቢው ሲበላሽ መጀመሪያ የምትጎዳው እርሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚያስረዳው ከአምስቱ የእንቁራሪት አስተኔ ዓይነቶች ሁለቱ ያህል የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸዋል።

ከዚህ ጥፋት ጋር ስማቸው አብሮ ከሚነሣ ሊቃውንት አንዷ ዶክተር ካረን ሊፕስ ናቸው። እርሳቸው አሜሪካዊት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሲሆኑ፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገና ተማሪ ሳሉ በኮስታ ሪካና በፓናማ ድንበር አጠገብ ባለ ጉም የማይለየው ደን ውስጥ የአንዲት የዛፍ እንቁራሪት ኑሮ ለማጥናት ሄዱ። ዓላማቸው ስለ ሞት ማጥናት አልነበረም፤ እንስሳዪቱ እንዴት እንደምትኖርና እንደምትራባ ለማወቅ ነበር። ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ከሥፍራው ርቀው ሲመለሱ እንቁራሪቶቹ እጅግ አንሰው ቆዩአቸው። ምክንያቱን የሚናገር አልተገኘም። በዚያ የሚጠና ሲጠፋ ወደ ፓናማ ተሻገሩና ፎርቱና በተባለ ተራራማ ሥፍራ ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚያም በ1996 መጨረሻ በወንዞቹ ዳር የሞቱና ሊሞቱ የሚያጣጥሩ እንቁራሪቶች አገኙ።

ሬሳዎቹ ተመረመሩ። በ1998 ከአውስትራሊያና ከመካከለኛው አሜሪካ የተሰበሰቡትን ያጠኑ ተመራማሪዎች ገዳዩ በቆዳ ላይ የሚበቅል ፈንገስ መሆኑን ገለጹ፤ በ1999ም ኪትሪድ ከሚባለው የፈንገስ ወገን አዲስ ዓይነት ሆኖ ስም ወጣለት። ዘሩ በዓይን የማይታይ ሆኖ በውኃ ውስጥ እየዋኘ ወደ እንቁራሪቷ ቆዳ ይገባል። ቆዳዋ ሲታመም በደሟ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ጨው ይዛባል፤ በመጨረሻም ልቧ ይቆማል።

ዶክተር ሊፕስ በሽታው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ ከፊቱ ቀድመው ኤል ኮፔ ወደተባለ፥ ገና ወዳልተነካ የፓናማ ደን ሄዱ። እርሳቸውና ተማሪዎቻቸው ለዓመታት በየሌሊቱ በወንዞቹ ዳር እየተመላለሱ በባትሪ ብርሃን እንቁራሪቶችን ቆጠሩ። በ2004 በሽታው እንደ ፈሩት ደረሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ደኑ ባዶ ሆነ። በ2010 የወጣው ጥናት እንደሚለው ከዚያ ሥፍራ 30 ዓይነቶች ጠፉ፤ ከእነርሱም መካከል ሳይንስ ገና ስም ያላወጣላቸው ነበሩባቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። እኚህ ሴት የሚመጣውን አውቀዋል፤ ሊያስቆሙት ግን አልቻሉም። በደን ውስጥ ያለን እንቁራሪት ሁሉ ይዞ የሚያክም መድኃኒት የለምና። እንግዲህ ማወቃቸው ምን ጠቀመ? ከመካከላችን አንዱ፥ «የማይድንን በሽተኛ አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሹን መቁጠር ነው» ብሎ ነበር። ነገሩ እንደዚያ ብቻ ቢሆን እጅግ ያሳዝን ነበር። ይሁን እንጂ በሽታው በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ በመታወቁ በፓናማ በሕይወት የቀሩትን ለማትረፍ የተነሡ ሰዎች ተገኙ። በ2006 ኤል ቫዬ በምትባል ከተማ ቤት እስኪሠራላቸው ድረስ እንቁራሪቶቹ በአንድ ሆቴል ክፍሎች ውስጥ በመስተዋት ሣጥን ተቀምጠው ሰው እያጠበና እየመገበ አቆያቸው። ዛሬም በመጠለያ ውስጥ ብቻ ዘራቸው የሚጠበቅ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። ይህን በሽታ ከአገር ወደ አገር ያደረሰው ማን ነው? በ1930ዎቹ አንዲት ሴት ማርገዝ አለማርገዟን ለማወቅ ሐኪሞች አንድ አዲስ ዘዴ አገኙ። በደቡብ አፍሪካ የምትገኝ አንዲት ባለ ጥፍር እንቁራሪት ነበረች። የሴትዮዋን ሽንት በመርፌ ከቆዳዋ ሥር ሲሰጧት፥ ሴትዮዋ አርግዛ እንደሆነ እንቁራሪቷ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ላንስሎት ሆግበን የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በኬፕ ታውን ሳሉ የጀመሩት ምርምር ለዚህ መሠረት ሆነ። ለብዙ ዓመታት ባለ ጥፍሮቹ እንቁራሪቶች እየተያዙ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ሆስፒታሎችና ላቦራቶሪዎች ተላኩ። በኋላ ሲመረመር በ1938 በተያዘች አንዲት የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት ቆዳ ላይ ፈንገሱ ተገኘ፤ በ2004ም በሽታው ወደ ዓለም የወጣው ከዚያ ይሆናል የሚል ጥናት ወጣ። በ2018 ግን በዘረ መል ምርመራ የተደረገ ሰፊ ጥናት የፈንገሱ ምንጭ ምሥራቅ እስያ፥ በተለይም የኮሪያ ምድር መሆኑን አመለከተ። የተስፋፋውም በሃያኛው መቶ ዓመት፥ ሰው በሕይወት ያሉ እንስሳትን ከአገር አገር ማጋዝ ባበዛበት ዘመን ነው። መንገዱ የትኛውም ይሁን፥ ተሸካሚው የሰው ንግድና የሰው እጅ ነው።

ጥፋቱ ምን ያህል ነው? በ2019 የታተመ ጥናት ፈንገሱ ቢያንስ 501 ዓይነቶችን እንዳመናመነ፥ ከእነዚህም 90ዎቹ ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገለጸ። በቁጥሩ ላይ የተከራከሩ ሌሎች ሊቃውንት አሉ፤ ጥፋቱ ታላቅ መሆኑን ግን አልካዱም።

እንግዲህ እንፍረድ። እንቁራሪቷን በመርፌ የወጋው ሐኪም ጥፋተኛ ነውን? ማርገዟን ለማወቅ በጭንቀት ስትጠባበቅ የነበረችው ሴትስ? ሣጥኑን በመርከብ የጫነው ነጋዴስ? ከእነርሱ እንቁራሪትን የጠላ አንድም አልነበረም። ፈንገሱ ስም ያገኘው ከ60 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1930ዎቹ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ በዓለም ላይ አልነበረም። ሊታወቅ ስላልቻለ ነገር ሰውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚህ ረገድ «ሰው የሚመዘነው በሐሳቡ ነው» ያሉት ጓደኞቻችን ትክክል ናቸው ብለን ሁላችንም ተስማማን።

ነገር ግን አለማወቅ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ተወያይተን ሦስት ሆኖ አግኝተነዋል። የመጀመሪያው፥ ሊታወቅ የማይቻለውን አለማወቅ ነው፤ የሐኪሙና የነጋዴው እንደዚህ ነበር። ሁለተኛው፥ ጠይቆ ማወቅ ሲቻል ባለመጠየቅ የመጣ አለማወቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አውቆ እንዳላወቀ መሆን ነው፤ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንደሚባለው። የበሽታው ምክንያት ከታወቀ፥ በ2008ም የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሊታወጅ ከሚገባቸው በሽታዎች መዝገብ ካስገባው በኋላ፥ ሳያስመረምር እንቁራሪት ከአገር አገር የሚነግድ ሰው ከሐኪሙ ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም። ሥራው ያው ቢሆንም በደሉ ግን ያው አይደለም። በመካከላቸው ዕውቀት ገብቷልና።

ዕውቀት የሚያስከትለውን ግዴታ በተግባር ያሳዩም አሉ። በ2013 በኔዘርላንድ የተገኘ ሌላ የዚያው ወገን ፈንገስ ሳላማንደር የተባሉትን ጅራታም የእንቁራሪት ዘመዶች ይፈጅ ጀመር። አሜሪካ በሳላማንደር ብዛት ከዓለም የታወቀች አገር ናት። ስለዚህ በሽታው ሳይገባባት በጥር ወር 2016 የ201 ዓይነቶችን ንግድ ከለከለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። የኤል ኮፔ ወንዞች ዳር የተደረገው ቆጠራ ለኤል ኮፔ እንቁራሪቶች አልደረሰላቸውም፤ እንዲህ ያለው ትምህርት ግን ለሌሎች ደርሷል። ተመራማሪዎቹም ራሳቸውን አልረሱም። ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በሽታውን እንዳያደርሱ ጫማቸውን በመድኃኒት ያጥባሉ፤ አንዷን እንቁራሪት የያዙበትን ጓንት ለሌላዋ አይጠቀሙበትም። በጎ ሥራ የሚሠራ ሰውም የገዛ ጫማውን መመርመር እንዳለበት ከዚህ ተምረናል።

አንዳንድ አንባቢ፥ «ሰው በተቸገረበት አገር ስለ እንቁራሪት ምን ያስጨንቃችኋል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የምንመልሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፥ በ2020 ዶክተር ሊፕስና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት በኤል ኮፔ እንቁራሪቶቹ ካለቁ በኋላ እነርሱን ይበሉ የነበሩ እባቦችም ተመናመኑ። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኮስታ ሪካና በፓናማ እንቁራሪቶች ባለቁባቸው አውራጃዎች ለጥቂት ዓመታት የወባ ሕመም መጨመሩን አሳየ፤ በባሰበት ጊዜ ከ1,000 ሰው አንድ ያህል ተጨማሪ በሽተኛ ተገኘ። እንቁራሪቶችና ግልገሎቻቸው ትንኝንና የትንኝን ዕጭ ይበላሉና። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። እኛ ረግረጉን የደፈንነው ስለ ትንኝ ነበር። የእኛ ሰፈር ከፓናማ ጋር አንድ ነው አንልም፤ የተኛ ውኃ ትንኝ እንደሚያራባም አንክድም። ግን አንዱን ነገር ስንነካ ሌላው አብሮ መነካቱን አላሰብንም ነበር።

ሁለተኛ፥ የእንቁራሪት ዋጋዋ ትንኝ መብላቷ ብቻ ነው ብለን አናምንም። የሚጠቅመንን ብቻ የምንጠብቅ ከሆነ ጠባቂዎች ሳንሆን ነጋዴዎች ነን። ሌላ ማንም ሳያያት በአንድ ደን ውስጥ ስትኖር የነበረች፥ ስም እንኳ ሳይወጣላት የጠፋች እንቁራሪት ለማንም ዕዳ አልነበረባትም። እኛ ግን ያለባት ይመስል ኖሮዋን አስከፈልናት።

ይህ ነገር ስለ ሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ ባሌ ተራሮች እንመልከት። የሐረና ደንና ከበላዩ ያለው ደጋ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ እንቁራሪቶችና ጉርጦች መኖሪያ ነው። ማልኮልም ላርገን የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ ብዙ ዓመት የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች አጥንተው ከእነዚህ አንዱን በ1991 ለሳይንስ አስተዋውቀዋል፤ አንዲት ትንሽ የባሌ ጉርጥም በስማቸው ተሰይማለች። እርሷም እንቁላሏን የምትጥለው በውኃ ውስጥ ሳይሆን በእርጥብ መሬት ላይ ነው። በ2012 የወጣ ጥናት ያ ፈንገስ በአገራችን ደጋዎች በብዙ ሥፍራ እንደሚገኝ ገለጸ። በ2013 ደግሞ ከ1971 እስከ 2009 የተሰበሰበውን መረጃ የመረመሩ ሊቃውንት በባሌ ብቻ የሚገኙ አራት ዓይነቶች እየተመናመኑ መሆናቸውን፥ ከእነርሱም አንዷ ጉርጥ ከ2003 ወዲህ አለመታየቷን አስታወቁ። እነርሱ አጥብቀው የጠረጠሩት ግን ፈንገሱን ሳይሆን የደኑን መመንጠርና የአካባቢውን መጎዳት ነው።

በዚህም ቢሆን ለፍርድ አንቸኩል። ለልጆቹ እንጀራ፥ ለከብቶቹ ግጦሽ የሚፈልገው ገበሬ ጉርጢቱን ሊያጠፋ አልተነሣም። በዓለም ላይ በእርሱ አገር ብቻ የምትኖር ፍጥረት በእግሩ ሥር እንዳለች የነገረው ማን ነው? እዚህ ላይ ጥያቄው ከገበሬው ወደ እኛ ወደ ተማርነው ይዞራል። አውቀን ካልነገርን የእርሱን አለማወቅ ያቆየነው እኛ ነን።

ታዲያ እኛ፥ ረግረጉን የደፈንነው ወጣቶች፥ ከሦስቱ ከየትኛው ነን? ከመጀመሪያው ነን ብንል ደስ ባለን። እውነቱ ግን ከሁለተኛው ነን። ሊቅ መፈለግ፥ ላቦራቶሪ መግባት አላስፈለገንም ነበር። ከረግረጉ አጠገብ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት እማማ ከእኛ ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ቤት ውስጥ ነበሩ። በአራቱም ቅዳሜ ቡናቸውን ጠጥተናል፤ አንድ ቀን እንኳ «እማማ፥ ከዚህ ውኃ ውስጥ ምን ይኖራል?» ብለን አልጠየቅናቸውም። እንዲያውም ጥያቄው ከእርሳቸው መጣ፤ እርሱም ሥራው ካለቀ በኋላ።

ስለዚህ ከክርክራችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። «አላወቅንም ነበር» የሚለው ቃል ሊታወቅ ስላልቻለው ጥፋት ከወቀሳ ያድናል፤ ሳንጠይቅ ላጠፋነው ግን አይበቃም። ከወቀሳ ባዳነን ጊዜም ቢሆን ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ግዴታ አያድንም። ቃሉን የተናገረ ሰው በዚያው ሰዓት ዐውቋልና፥ ለነገ «አላወቅሁም» የሚለው ምክንያት ከእጁ ወጥቷል።

ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን እስከ ዛሬ አልተስማማም። «ሁሉን ጠይቀን ከጨረስን መቼ እንሠራለን? ሰፈሩስ በሽታ እስኪገባው ይጠብቀን?» ይላል። ጥያቄው እውነተኛ ስለሆነ ከዚህ ጽሑፍ ልናወጣው አልፈለግንም። እኛም ሥራ ይቁም አላልንም። ነገር ግን ዘንድሮ የሰፈሩን የውኃ መውረጃ ቦይ ለመጥረግ ስንነሣ፥ አካፋ ከማንሣታችን በፊት ሦስት ልጆች መርጠን ወደ አካባቢው አረጋውያንና ወደ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ላክን። የወሰደብን ሁለት ቀን ነው። ከደፈንነው ረግረግ ጫፍ ላይም ውኃ የሚያቁር አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ቀርቶ ነበር፤ ቆሻሻውን አውጥተን፥ ዳሩን በድንጋይ ከልለን ውኃውን ተውነው። እንቁራሪቶቹ ይመለሱ አይመለሱ ገና አላየንም። ክረምቱ ሲገባ ግን እማማን ሄደን እንጠይቃለን፤ አሁንስ መጠየቅን ተምረናልና።

እናንተም ውድ አንባቢዎቻችን፥ በየሰፈራችሁ መልካም ልትሠሩ ስትነሡ፥ ከሥራችሁ በፊት አንድ ሰው ጠይቁ።